ዋጋ ከመጥራትዎ በፊት ቀን ይቁጠሩ፦ ለግል የግብርና አማካሪ የክፍያና የውል መመሪያ

ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከምርምር ማዕከል ወይም ከአንድ ፕሮጀክት ወጥተው በግልዎ ማማከር ሊጀምሩ ካሰቡ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ደውሎ «በቀን ስንት ነው የሚያስከፍሉት?» ይልዎታል። ብዙ ጎበዝ ባለሙያዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ጓደኛቸው ባለፈው ዓመት የተከፈለውን አስታውሰው አንድ ቁጥር ይጠራሉ፤ ደንበኛውም «ዐሥር ቀን ብቻ ነው የምንፈልግዎት» ይላል፤ በዚያው ይስማማሉ። ሥራው ግን ወር ይፈጃል። የግብርና አማካሪን ኪስ የሚያራቁተው የቀን ዋጋው ማነሱ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን ሳይከፈልባቸው የሚያልፉት ቀኖች ናቸው። ይህ መመሪያ እነዚያን ቀኖች ፈልጎ ስለማግኘት፣ ውል ውስጥ ስለማስገባትና ከመስክ በጤና ስለመመለስ ነው።

ተቀጣሪ ነዎት ወይስ አማካሪ?

ስለ ዋጋ ከማሰብዎ በፊት ይህን ይለዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ የሚባለው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው ነው። በራሱ ሙያዊ ኃላፊነት፣ በራሱ ትርፍና ኪሳራ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጪ ነው። ሠራተኛ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት የማይበልጥ መደበኛ የሥራ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለው። ለጡረታውም አሠሪው 11 በመቶ፣ እሱ 7 በመቶ ያዋጣሉ። አማካሪ ከእነዚህ አንዱንም አያገኝም። ስለዚህ ሁሉንም ራሱ በዋጋው ውስጥ ማስገባት አለበት።

ስሙ አማካሪ ሆኖ ሥራው የተቀጣሪ የሆነ ሰው ግን ሞልቷል። በየቀኑ ጠዋት ቢሮ ይገባል፤ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ አስተባባሪው ይወስንለታል፤ መኪናውም ኮምፒዩተሩም የድርጅቱ ነው፤ ውሉ በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሁለት ሦስት ዓመት ያልፋል። ጡረታ የለም፣ ፈቃድ የለም፣ ሲታመም ክፍያው ይቆማል። ክርክር ቢነሣ የሚመዘነው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ርዕስ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው። አዋጁም ቢሆን ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥራል፤ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቅደው በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲቀርብልዎት «እንደ ሠራተኛ ቅጠሩኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። እምቢ ካሉና ሥራው የግድ ካስፈለገዎት፣ ፈቃዱንና ጡረታውን በዋጋ ያስከፍሉ።

ሁለት ሰዎች ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በአንድ እርሻ ላይ ሥራ አስኪያጅ ሆነው የሚቀጠሩ ከሆነ፣ የሥራ መሪ ነዎትና የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይጠብቅዎትም፤ ፈቃዱም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ የስንብት ክፍያውም ውሉ ላይ በዝርዝር መጻፍ አለባቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው በጎን ማማከር ካሰቡ ደግሞ ከመሥሪያ ቤትዎ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይዙ አይጀምሩ።

የቀን ዋጋዎን ከደመወዝ ተነሥተው ያውጡ

እንበል፣ አንድ ድርጅት እርስዎን ቢቀጥር በወር 30,000 ብር ይከፍላል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ያለው ከግብር ነፃ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዚህ ስሌት ግብሩ 8,450 ብር፣ የጡረታው 7 በመቶ 2,100 ብር ይሆንና እጅዎ የሚገባው 19,450 ብር ነው። አሠሪው ግን የሚያወጣው 30,000 ብቻ አይደለም፤ የራሱን 11 በመቶ ሲጨምር 33,300 ብር ነው። በዓመት 399,600 ብር ማለት ነው። ከዚህ ቁጥር ይነሡ።

አሁን ራስዎን ችለው ሲሠሩ የሚያወጡትን ይደምሩ፦ የፈቃድ እድሳት፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ኢንተርኔትና ስልክ፣ የኮምፒዩተር እርጅና፣ የጤናና የአደጋ መድን፣ ሥራ ለማግኘት የሚደረግ መመላለስ። 80,400 ብር ብንል ጠቅላላው 480,000 ይደርሳል። ይህንን ለ365 ቀን ወይም ለ260 የሥራ ቀን ማካፈል ስሕተት ነው። ማካፈል ያለብዎት በእርግጥ ሸጠው ክፍያ ለሚያገኙባቸው ቀኖች ነው። ለጀማሪ አማካሪ በዓመት 120 ቀን መሸጥ ቀላል አይደለም፤ ክረምት አለ፣ በጀት መዝጊያ አለ፣ ጨረታ ገብተው የሚሸነፉበት አለ። 480,000 ለ120 ሲካፈል 4,000 ብር ይመጣል። ይህ የምሳሌው ሰው የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ነው። የእርስዎን ቁጥሮች አስገብተው በወረቀት ላይ ይሥሩትና ከዚያ በታች አይውረዱ።

የማይታዩት ቀኖች

አሁን ደግሞ ሥራውን እንይ። ደንበኛው በአርሲ፣ በሄጦሳና በጢዮ ወረዳዎች፣ በስንዴ ዘር ብዜት ላይ የተሠማሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሁኔታ አጥንተው ሪፖርት እንዲያቀርቡ ይፈልጋል። «ዐሥር የመስክ ቀን» ይላል። በ4,000 ብር ሒሳብ 40,000 ብር ነው።

ከዐሥሩ ቀን በፊት ግን ያሉትን ሰነዶች ማንበብና መጠይቅ ማዘጋጀት 2 ቀን ይወስዳል። ከአዲስ አበባ አሰላ መሄድና መመለስ 2 ቀን። የወረዳው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ሳይፈረም ሲቀር፣ ዝናብ ጥሎ የቀበሌው መንገድ ጭቃ ሲሆን፣ 2 ቀን ይባክናል። መረጃውን ማስገባትና መተንተን 4 ቀን፣ ሪፖርቱን መጻፍ 5 ቀን፣ ውጤቱን በስብሰባ ማቅረብ 1 ቀን፣ በአስተያየቱ መሠረት ማረም 3 ቀን። ሲደመር 29 ቀን ነው። 40,000 ብር ለ29 ሲካፈል በቀን 1,379 ብር ይሆናል። 4,000 አስከፈልኩ ብለው የተደሰቱበት ሥራ ከዝቅተኛ ዋጋዎ ሲሶ ብዙም የማይበልጥ ነው። ትክክለኛው ዋጋ 116,000 ብር ነበር።

ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቁ ወዲያው ቁጥር አይጥሩ። «ቢጋሩን ይላኩልኝና ነገ በጽሑፍ አቀርባለሁ» ይበሉ። ቢጋር የሌለው ሥራ ከሆነ፣ የገባዎትን በአንድ ገጽ ጽፈው እርስዎ ይላኩ። ከዚያም የቀን ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ዝግጅት፣ ጉዞ፣ መስክ፣ ትንተና፣ ጽሕፈት፣ ማቅረብ፣ ማረም፣ እያንዳንዱ በየራሱ መደብ። ደንበኛው ጠቅላላውን አይቶ ቢደነግጥ፣ ቅነሳው ከሥራው ይሁን እንጂ ከቀን ዋጋዎ አይሁን። ከሁለት ወረዳ አንዱ ይቅር፣ ወይም ሪፖርቱ ይጠር፣ ወይም መረጃ የማስገባቱን ሥራ ድርጅቱ ራሱ ይሥራው። ሠንጠረዡ ካለ ይህን መነጋገር ይቻላል፤ ደፍነው የጠሩት አንድ ቁጥር ከሆነ ግን ቀሪው ዋጋ መሰባበር ብቻ ነው።

የመስክ ቀኖችን ሲያቅዱ የአካባቢውን ሳምንት ይወቁ። በገበያ ቀን ገበሬ ቤቱ አይገኝም። ሙስሊሙ በሚበዛበት ቀበሌ የጁምዓን ሰዓት ባዶ ይተዉ። ገበሬው በማያርስባቸው የበዓላት ቀኖች ደግሞ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ተሰብስቦ ያገኛሉ፤ የቡድን ውይይት ለእነዚያ ቀኖች ያቆዩ። ወቅትም እንዲሁ ነው። በሰኔ ዘር ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ላይ ያለን ገበሬ ሁለት ሰዓት አስቀምጦ መጠይቅ መጠየቅ ለእሱም በደል ነው፤ መልሱም የጥድፊያ መልስ ይሆናል።

ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል። ደንበኛዎ በዕድሜ የሚበልጡዎት፣ ምናልባትም የቀድሞ አለቃዎ ወይም የአገርዎ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለ ገንዘብ መናገር ድፍረት ይመስላል። አክብሮቱን ሳያጓድሉ ማስቀመጥ ግን ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ሥራውን በደስታ እሠራዋለሁ። ቀኑን ብቻ አብረን እንቁጠረውና ኋላ ቅር እንዳንባባል።» እንዲህ ሲባል የሚቀየም ሰው ብዙም አያጋጥምም። የሚቀየም ካለም ክፍያው ሲዘገይ ከሚመጣው መቀያየም ይህ ይሻላል።

ውሉ ላይ ሳይጻፍ መቅረት የሌለበት

በቃል ተስማምተው ወደ መስክ አይውጡ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ ክፍት የተተወች አንዲት ሐረግ ሙሉውን ክፍያ ልትይዝብዎት ትችላለች። በተለይ «ክፍያው ሪፖርቱ ተቀባይነት ሲያገኝ ይፈጸማል» የምትለዋን ይጠንቀቁ። ማን ነው የሚቀበለው? በስንት ቀን? አስተያየት ሰጪው አገር ውስጥ ባይኖር፣ ወይም ሥራ ለቆ ቢሄድስ? ብዙ ሪፖርቶች መሳቢያ ውስጥ የሚያረጁት በዚህች ሐረግ ነው። በእሷ ምትክ ይህን ያስገቡ፦ ረቂቁ ከቀረበ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ አስተያየት በጽሑፍ ይሰጣል፤ ካልተሰጠ ረቂቁ እንደጸደቀ ይቆጠራል። የማረሚያው ዙርም ሁለት ብቻ ይሁን። ከዚያ በላይ ከተፈለገ በቀን ዋጋ ይታሰባል።

ክፍያውን ወደ መጨረሻ አያከማቹ። ሲፈረም 30 በመቶ፣ ረቂቁ ሲቀርብ 40 በመቶ፣ የመጨረሻው ሲቀርብ 30 በመቶ ደህና አከፋፈል ነው። ቅድመ ክፍያ አንሰጥም የሚል ድርጅት ካለ፣ ቢያንስ የመነሻ ሪፖርቱ ሲገባ የሚከፈል ድርሻ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ እምቢ ካለ ሥራውን በራስዎ ገንዘብ እያስኬዱለት መሆኑን ይወቁ፤ ለእኔ ይህ ሥራውን ላለመቀበል በቂ ምክንያት ነው።

መንገድ ቢዘጋ፣ የጸጥታ ችግር ቢነሣ፣ በሽታ ቢከሰት ምን ይደረጋል? «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው አንቀጽ በአብዛኛው ደንበኛውን ከግዴታው ነፃ ለማውጣት ብቻ ይጻፋል። እርስዎ የሠሩባቸው ቀኖች እንደሚከፈሉ፣ በደንበኛው ትእዛዝ ሆቴል ተቀምጠው የጠበቁባቸውም ቀኖች ቢያንስ በግማሽ ዋጋ እንደሚታሰቡ ያስጨምሩ። ወደ አንድ ቦታ መሄድ አደገኛ መሆኑን ሲያውቁ ያለ ቅጣት «አልሄድም» ማለት እንደሚችሉም በግልጽ ይጻፍ። ይህ መብት ለድርድር አይቅረብ።

ውሉ ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ ከሆነ የዋጋ ማስተካከያ ያስገቡ። ሐምሌ 22/2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በብር የረጅም ጊዜ ውል የነበራቸው ባለሙያዎች የገንዘባቸው አቅም በሳምንታት ውስጥ ሲሟሽሽ አይተዋል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የጉዞ ወጪው እንደሚታሰብ መጻፍም ያው ነው።

አበል ደመወዝ አይደለም

አበል ለመኝታና ለምግብ ነው። ብዙ ባለሙያ ግን የሙያ ዋጋውን አሳንሶ አበሉ ላይ ይከራከራል፤ ከዚያም አበል እንዲበዛ የመስክ ቀን ይረዝማል፣ የትንተናውና የጽሕፈቱ ጊዜ ያጥራል። ሪፖርቱ ሲደክም የሚጎዳው የባለሙያው ስም ነው። ሁለቱን በሁለት የተለያየ መደብ አስቀምጠው ይደራደሩ።

መኪናውን ማን ያቀርባል፣ ነዳጁንና የሾፌሩን አበል ማን ይከፍላል፣ የአፈር ናሙና ምርመራውን ዋጋ ማን ይሸፍናል፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹን የሚቀጥረው ማን ነው? እነዚህ ተረስተው አማካሪው ኪስ ላይ የሚያርፉ ናቸው። አንድ ሰው ደግሞ ጨርሶ ይረሳል፤ እርሱም የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። በአሠራሩ አንድ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት የልማት ሠራተኞች ይመደቡለታል። እነዚህ ሰዎች ማዳበሪያ ያከፋፍላሉ፣ የተፋሰስ ዘመቻ ያስተባብራሉ፣ በትንሽ ደመወዝ ከመንደር መንደር በእግር ይሄዳሉ። እርስዎ ሲመጡ ገበሬዎቹን ሰብስበው፣ መንገድ መርተው፣ ቀናቸውን ሰውተው ሲያበቁ ባዶ እጃቸውን መመለስ የለባቸውም። የእነሱን የቀን አበል ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ያስገቡ። መረጃው ደህና ሆኖ የተገኘው በእነሱ ምክንያት ነው፤ በሪፖርቱም ውስጥ ሥራቸው ይጠቀስ።

ጤናዎና ደኅንነትዎ

በአበባና በአትክልት እርሻ የሚያማክሩ ከሆነ ትልቁ አደጋ ኬሚካል ነው። ከመግባትዎ በፊት ምን እንደተረጨ፣ መቼ እንደተረጨና ሰው መቼ ተመልሶ መግባት እንደሚችል ይጠይቁ፤ የርጭት መዝገቡን አምጡልኝ ይበሉ። መግቢያ ጊዜው በኬሚካሉ ዕቃ ላይ ተጽፏል። «ትናንት ነው የተረጨው፣ ምንም አይልም» የሚል የቃል ማረጋገጫ አይበቃም፤ በተለይ አየር በማይገባበት የፕላስቲክ ቤት ውስጥ። ጓንት፣ ቦቲ፣ ለኬሚካል የሚሆን ማስክና ሙሉ ልብስ ማን እንደሚያቀርብ ውሉ ላይ ይጻፍ። ለእርስዎ ሲጠይቁ የረጪዎቹንም ዐይተው ይናገሩ፤ የተቀደደ ጓንት አድርጎ የሚረጭ ሠራተኛ ካዩ ምክርዎ ከዚያ ይጀምር።

ተቀጣሪ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት አዋጁ አሠሪውን፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። አማካሪ ይህ ከለላ የለውም። ስለዚህ የአደጋ መድን ይግቡ፤ አረቦኑን በዋጋዎ ውስጥ ያስገቡ። ሞተር ብስክሌት የሚሰጥዎት ከሆነ ያለ ሄልሜት አይውጡ። ወደ ቆላ ሲወርዱ አጎበር ይያዙ፤ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከተሰማዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ለወባ ይመርመሩ።

ሴት ባለሙያ ከሆኑ ማደሪያውን ራስዎ ይምረጡ፤ «እዚያ አንድ ቤት አለ» በሚል ተስፋ አይሂዱ። ለብቻ የሚቆለፍ ክፍልና ከመምሸቱ በፊት የሚመልስ መኪና ቢጋሩ ላይ ማስጻፍ ይቻላል፤ ያስጽፉም።

ግብር እና ደረሰኝ

የማማከር የሥራ ፈቃድ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልግዎታል። ከፋዩ ድርጅት በቅድሚያ 3 በመቶ ይቀንስብዎታል፤ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከመውጣቱ በፊት 2 በመቶ ነበር። መለያ ቁጥርዎን ካላቀረቡ ግን ቅነሳው 30 በመቶ ይሆናል። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሂዱ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርዎ የሚታሰብልዎት በእሱ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ዋጋዎ 15 በመቶውን ይጨምር ወይም አይጨምር ውሉ በግልጽ ይናገር፤ ዝም ካለ ይጨምራል ተብሎ ከራስዎ ድርሻ ሊወጣ ይችላል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደንበኛ ካለዎት ሰኔ 30ን አይርሱ። በጀት ይዘጋል። የመጨረሻ ሪፖርትዎን በግንቦት አጋማሽ ያስገቡ። በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት ከገባ ፋይናንስ ክፍሉ በወረፋ ተጨናንቋል፤ ካለፈ ደግሞ አዲሱ በጀት ተፈቅዶ እስኪለቀቅ መጠበቅ ነው።

እምቢ የሚባል ገንዘብ

የፀረ ተባይ ወይም የዘር ነጋዴ «ገበሬውን ወደኛ ይላኩልን፣ በሊትር ይህን ያህል እናስብልዎታለን» ቢልዎት አይቀበሉ። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት ማዘዣ የሰብሉን ሕመም ሳይሆን የነጋዴውን መጋዘን ይከተላል፤ ገበሬውም ይህን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

«ምርቱ ሲጨምር ከጭማሪው በመቶኛ እንከፍላለን» የሚለውም እንዲሁ ያጓጓል። ዝናቡ፣ የማዳበሪያው መዘግየት፣ የገበያው ዋጋ በእርስዎ እጅ አይደሉም። መቀበል ካለብዎት የቀን ዋጋዎ ሙሉ ለሙሉ ተከፍሎ፣ መቶኛው በላዩ የሚጨመር ጉርሻ ይሁን።

የሰጡትን ምክር ሁሉ በጽሑፍ ያስቀሩ። ካርቦን ያለው ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ የማሳው ቦታ፣ የሰብሉ ዕድገት ደረጃ፣ ያዩት ችግር፣ የሰጡት ምክር፣ የማሳው ኃላፊ ፊርማ። «ቢጫ ዋግ በታችኛው ቅጠል ላይ ታይቷል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይረጭ» ብለው ጽፈው ርጭቱ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቢደረግ፣ ምርቱ ሲቀንስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደብተሩ ይናገራል። ግልባጩን ለባለቤቱ ይስጡ፤ ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩ።

ሪፖርት ሲያስገቡም በኢሜይል ብቻ አይተዉት። ከሸኚ ደብዳቤ ጋር በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡና የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን በእርስዎ ቅጂ ላይ ያስጽፉ፤ የ15 ቀኑ ቆጠራ ከዚያ ይጀምራል። ክፍያ ከዘገየ በመጀመሪያ ስልክ፣ በሳምንቱ ደብዳቤ፣ እሱም በመዝገብ ቤት በኩል። በሥራው ጠባይ ተቀጣሪ ነበርኩ ብለው የሚከራከሩ ከሆነ ግን ብዙ አይጠብቁ፤ ያለ አግባብ ተሰናበትኩና ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።